ከርነሉ የኤሲፒአይ ሰንጠረዥ ሲነካ የሚሞት ከሆነ፦ ከምርመራ እስከ ጥገና

ከርነላችሁ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ኪውኢሙ በሚባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ያለ ችግር ይነሳል። ያንኑ ምስል ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ በላፕቶፕ ስታስነሱት ግን «አርኤስዲፒ ተገኘ» (የኤሲፒአይ ሰንጠረዦች መነሻ ተገኘ ማለት ነው) የሚል መስመር ያትምና ድርግም ይላል፤ ማሽኑ እንደገና ከሎጎው ይጀምራል። ኮዱን ደጋግማችሁ ብታዩት ስህተት አይታይበትም። አንዳንዴ ላፕቶፕ እንኳ አያስፈልግም፤ የኪውኢሙን ሜሞሪ ከ128 ሜጋባይት ወደ 2 ጊጋባይት ማሳደግ ብቻውን ከርነሉን ይገድለዋል።

ይህ መመሪያ ለዚህ አንድ በሽታ ነው፦ ፈርምዌሩ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜሞሪ ውስጥ አስቀምጦት የሄደውን ሰንጠረዥ ከርነሉ ማፕ ሳያደርግ (ቨርቹዋል አድራሻ ሳይሰጠው) ሊያነብ ሲሞክር የሚደርስበት ብልሽት። የተጻፈው በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ የራሳቸውን ከርነል ለሚጽፉ ነው፤ ቋንቋችሁ ሲም ይሁን ረስት ሐሳቡ አንድ ነው። ትዕዛዞችንና ስሞችን እንደምንጠራቸው በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የምትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ከወዲሁ አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው ይህን ችግር «የሚፈታው» ማፑን በማስፋት ነው። 1 ጊጋባይት አልበቃ ሲል 4 ጊጋባይት ያደርገዋል፤ ከርነሉ ይነሳል፤ ፋይሉ ይዘጋል። በዚህ መንገድ ችግሩ ከእናንተ ማሽን ወደ ሌላ ሰው ማሽን ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። ትክክለኛው መፍትሔ ከርነሉ የሚያነበውን እያንዳንዱን ሰንጠረዥ፣ በሚያነበው ልክ፣ ራሱ ማፕ እንዲያደርግ ማስቻል ነው። ብዙ ኮድም አይጠይቅም።

ሰንጠረዦቹ የት ነው ያሉት?

ኤሲፒአይ በ1996 በኢንቴል፣ በማይክሮሶፍትና በቶሺባ የወጣ ደረጃ ነው፤ ከ2013 ጀምሮ የዩኢኤፍአይ ፎረም ይዞታል። ማሽኑ ስንት ኮር እንዳለው፣ የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው የት እንደሚገኝ፣ ኃይል እንዴት እንደሚጠፋ ለስርዓተ ክወናው የሚነግሩት የእሱ ሰንጠረዦች ናቸው። አደረጃጀታቸው ሰንሰለት ነው። መነሻው አርኤስዲፒ ነው፤ እሱ የአርኤስዲቲን ወይም የኤክስኤስዲቲን አድራሻ ይይዛል፤ እነዚህ ደግሞ የሌሎቹን ሁሉ አድራሻ ይዘረዝራሉ። በአርኤስዲቲ ውስጥ እያንዳንዱ አድራሻ 4 ባይት ነው። በ2000 የወጣው ኤሲፒአይ 2.0 ያመጣው ኤክስኤስዲቲ ግን 8 ባይት ይጠቀማል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለው አድራሻ ሁሉ ፊዚካል አድራሻ ነው። ፔጂንግ ከበራ በኋላ ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው ቨርቹዋል አድራሻ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከሰንጠረዡ አንስቶ በቀጥታ እንደ ፖይንተር መጠቀም፣ የቤት ቁጥር ይዞ ወረዳውን ሳይጠይቁ በር እንደማንኳኳት ነው። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የተንኳኳው በር ግን የሌላ ሰው ነው፣ ወይም ቤቱ ጭራሽ የለም።

በመጀመሪያ ትምህርቶች ላይ የምናገኘው የገጽ ሰንጠረዥ (ቨርቹዋሉን አድራሻ ወደ ፊዚካል የሚተረጉመው) አብዛኛውን ጊዜ 512 ባለ 2 ሜጋባይት ገጾችን ደርድሮ የመጀመሪያውን 1 ጊጋባይት እንዳለ ማፕ ያደርጋል፤ ቨርቹዋሉና ፊዚካሉ እኩል ይሆናሉ። ኪውኢሙ ካልተነገረው በስተቀር 128 ሜጋባይት ሜሞሪ ይሰጣል፤ የኪውኢሙ ነባሪ ፈርምዌር የሆነው ሲባዮስ ሰንጠረዦቹን የሚያስቀምጠው ከሜሞሪው ጫፍ ሥር ነው። ስለዚህ በ128 ሜጋባይት ሁሉም ነገር እዚያው ማፕ ውስጥ ይወድቃል። ሜሞሪው 2 ጊጋባይት ሲሆን ሰንጠረዦቹ ከ2 ጊጋባይት ጫፍ ሥር ይሄዳሉ፤ ማፑ ግን 1 ጊጋባይት ላይ አልቋል። አርኤስዲፒው ራሱ በሲባዮስ ከ1 ሜጋባይት በታች ስለሚቀመጥ ፍለጋው ይሳካል፣ ቼክሰሙም (የባይቶቹ ማረጋገጫ ድምር) ልክ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የመጨረሻ መስመር «ተገኘ» የሚል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ በሽታው ይህ መሆኑን አረጋግጡ

ሪስታርት ማድረግ ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም። ፔጅ ፎልት (ማፕ ያልተደረገ ወይም ያልተፈቀደ ገጽ ሲነካ የሚነሳ ስህተት) ሲፈጠር የሚቀበለው ሃንድለር ከሌለ ደብል ፎልት ይከተላል፤ እሱንም የሚቀበል ከሌለ ትሪፕል ፎልት ይሆንና ማሽኑ ራሱን ያስነሳል። ይህን ሰንሰለት ለማየት ኪውኢሙን በእነዚህ አማራጮች አስነሱት፦

-ኤም 2ጂ -ዲ ኢንት -ኖ-ሪቡት -ኖ-ሻትዳውን

ኬቪኤምን (ትዕዛዞቹን በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያስኬደውን ማፋጠኛ) አጥፉ። የኢንተራፕት መዝገቡ የሚወጣው ኪውኢሙ ራሱ ትዕዛዞቹን ሲተረጉም ብቻ ነው፤ ኬቪኤም ከበራ መዝገቡ ባዶ ይሆንና ምንም ያልተፈጠረ ይመስላችኋል።

መዝገቡ ረጅም ነው፤ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። መጀመሪያ ደብል ፎልቱን ታገኛላችሁ፤ ቬክተሩ (የስህተቱ ቁጥር) 8 ነው። ከእሱ በላይ ያለውን ቬክተር 14 ፈልጉ፤ መዝገቡ በሄክስ ስለሚጽፈው «0ኢ» ሆኖ ይታያል። የምትፈልጉት ወንጀለኛ እሱ ነው። ከዚህ መስመር ሦስት ነገር ያዙ፦ የስህተት ኮዱን፣ ሲአር2ን እና አርአይፒን (ሲወድቅ ይሠራ የነበረውን ትዕዛዝ አድራሻ)።

የስህተት ኮዱ 0 ከሆነ ከርነሉ ማፕ ያልተደረገ ገጽ ሊያነብ ሞክሯል ማለት ነው። የእኛ በሽታ ይሄ ነው። 2 ከሆነ ሊጽፍ ሞክሯል፤ ሰንጠረዥ ላይ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። 9 ከሆነ ገጹ ማፕ ተደርጓል፣ ነገር ግን በገጽ ሰንጠረዡ ውስጥ ዜሮ መሆን የነበረበት ቢት ተነስቷል፤ የዚህን መንስኤ ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

ሲአር2 ፕሮሰሰሩ ሊደርስበት ሲሞክር የወደቀበትን አድራሻ ይይዛል። ቁጥሩን አርኤስዲፒው ውስጥ ካለው የአርኤስዲቲ አድራሻ ጋር አስተያዩት። እኩል ከሆኑ ወይም ጥቂት ባይት ብቻ ከተለያዩ ጨርሳችኋል፤ ፊዚካሉን ቁጥር እንደ ፖይንተር ተጠቅማችኋል። ሲአር2 ያ ቁጥር ከከፍተኛው ግማሽ (ከቨርቹዋል አድራሻዎቹ የላይኛው ክፍል) መነሻ ጋር ሲደመር ከሚገኘው ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ መነሻውን በትክክል ደምራችኋል፤ ግን ቡትሎደሩ (ከርነሉን ጭኖ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያንን ክፍል ማፕ አላደረገላችሁም። ይህ ሁለተኛው ደረጃ 4 ላይ አለ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከቬክተር 14 ይልቅ 13 ካያችሁ፣ መነሻውን ሁለት ጊዜ የደመራችሁበትን ቦታ ፈልጉ። እንዲህ ያለው ድምር ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ የማይቀበለው ቅርጽ ያለው አድራሻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚነሳው ጄኔራል ፕሮቴክሽን ፎልት ነው፤ ሲአር2ም አይነካም፤ ውስጡ ያለው የድሮ ቁጥር ነው። ያንን የድሮ ቁጥር ይዞ መመራመር ቀን ያስጨርሳል።

ኪውኢሙ ቆሞ እንዳለ ሞኒተሩን ክፈቱና «ኢንፎ ሜም» በሉት። ማፕ የተደረጉትን ክልሎች በሙሉ ያሳያችኋል። ሲአር2 ከየትኛውም ክልል ውስጥ ካልገባ ማስረጃው ተሟላ። «ኤክስፒ» በሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ፊዚካል ሜሞሪውን በቀጥታ ማንበብ ይቻላል፤ በአርኤስዲቲው አድራሻ ላይ ብትጠቀሙት የሰንጠረዡን አራት ፊደል ፊርማ ታዩታላችሁ። ሰንጠረዡ በቦታው አለ፤ የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

ደረጃ 2፦ ችግሩን በፈለጋችሁ ሰዓት መጥራት ቻሉ

መጠገን ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት የማስነሻ መንገድ አዘጋጁ፦ በሲባዮስ 128 ሜጋባይት፣ በሲባዮስ 2 ጊጋባይት፣ እና ኦቪኤምኤፍ በሚባለው የዩኢኤፍአይ ፈርምዌር 4 ጊጋባይት። ሦስቱንም በአንድ ትዕዛዝ የሚያስኬድ አጭር ስክሪፕት ይኑራችሁ። በአንዱ የሚነሳ በሌላው የሚሞት ከርነል ካላችሁ ችግሩን ጨብጣችሁታል።

ደረጃ 3፦ የሜሞሪ ካርታውን አትሙ

ፈርምዌሩ ሜሞሪው እንዴት እንደተከፋፈለ ዝርዝር ይሰጣል። ከመጠገን በፊት ይህን ዝርዝር ሙሉውን በሲሪያል ፖርት አትሙት፦ መነሻ፣ ርዝመት፣ ዓይነት።

የዓይነት ቁጥሮቹ እንደ ምንጫቸው ይለያያሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በባዮሱ ኢ820 ዝርዝር 1 ነጻ ሜሞሪ፣ 2 የተያዘ፣ 3 ከተነበበ በኋላ ሊለቀቅ የሚችል የኤሲፒአይ ክልል፣ 4 ደግሞ ፈርምዌሩ ለራሱ የሚያስቀረው ኤንቪኤስ ነው። በዩኢኤፍአይ እነዚህ ሁለት የኤሲፒአይ ክልሎች 9 እና 10 ናቸው፤ ነጻው 7 ነው። ሊሚኔ በሚባለው ቡትሎደር ደግሞ 2 እና 3 ናቸው፤ ነጻው 0። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ኮድ ቁጥሮቹን ሳይቀይር ከቀረ፣ ከርነሉ የተያዘውን ሜሞሪ ነጻ ነው ብሎ ሊጽፍበት ይችላል።

የዩኢኤፍአይን ካርታ በራሳችሁ የምታነቡ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። እያንዳንዱ መዝገብ በደረጃው ላይ የተጻፈው መስኮች ሲደመሩ 40 ባይት ነው። ፈርምዌሩ ግን የመዝገቡን መጠን ለብቻው ይነግራችኋል፤ በኦቪኤምኤፍ 48 ነው። ከአንዱ መዝገብ ወደ ቀጣዩ ስትሄዱ በተነገራችሁ መጠን ተራመዱ። በ40 ከተራመዳችሁ የመጀመሪያው መስመር ልክ ይሆንና ከሁለተኛው ጀምሮ ሁሉም ቆሻሻ ይሆናል።

ዝርዝሩን ካተማችሁ በኋላ ሰንጠረዦቹ የወደቁበትን ክልል ፈልጉ። በሲባዮስ ላይ የሚገርም ነገር ታያላችሁ፦ የወደቁት በ3 ሳይሆን በዓይነት 2፣ «የተያዘ» በሚለው ውስጥ ነው። ስለዚህ «የኤሲፒአይ ክልሎችን ሁሉ ማፕ ላድርግና ልገላገል» የሚለው አቋራጭ ኪውኢሙ ላይ እንኳ አይሠራም። ካርታው ለምርመራና ለአሎኬተሩ (ነጻ ሜሞሪ ለሚያድለው ክፍል) ይጠቅማል፤ ሰንጠረዡን ለማግኘት ግን መከተል ያለባችሁ ፖይንተሮቹን ነው።

ደረጃ 4፦ አርኤስዲፒውን ማን ሰጣችሁ? ምን ዓይነት አድራሻ ነው?

በድሮው ባዮስ ከሆነ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፦ የተራዘመው የባዮስ ዳታ ክልል የመጀመሪያ 1 ኪሎባይት ውስጥ፣ ከዚያም ከ896 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት ባለው ውስጥ፣ በየ16 ባይቱ እየዘለላችሁ። ፊርማው 8 ባይት ሲሆን የመጨረሻው ባይት ክፍት ቦታ ነው፤ እሱን የረሳ ፍለጋ አያገኝም።

ግረብ የሚባለው ቡትሎደር በመልቲቡት 2 ደንብ ሲያስነሳችሁ ታግ 14 ወይም ታግ 15 ይሰጣል። የመጀመሪያው ለድሮው አርኤስዲፒ፣ ሁለተኛው ለአዲሱ ነው። ታጉ ውስጥ ያለው የአርኤስዲፒው ቅጂ ራሱ እንጂ አድራሻው አይደለም። የቅጂውን የመጀመሪያ 8 ባይቶች እንደ አድራሻ አንስቶ መከተል የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚገኘው «አድራሻ» የፊርማው ፊደላት ናቸው። ሲአር2 ውስጥ ፊደል የሚመስሉ ባይቶች ካያችሁ እዚህ ተመለሱ።

ሊሚኔን የምትጠቀሙ ከሆነ የጠየቃችሁትን የቤዝ ሪቪዥን ቁጥር ተመልከቱ። በቀደሙት ሪቪዥኖች የአርኤስዲፒው አድራሻ ቨርቹዋል ነበር፤ ቡትሎደሩም ኤሲፒአዩን በከፍተኛው ግማሽ ቀጥታ ማፕ ውስጥ ጨምሮ ያስረክባል። በሪቪዥን 3 ሁለቱም ተቀየሩ፦ አድራሻው ፊዚካል ሆኖ ይመጣል፣ በቀጥታ ማፑ ውስጥም ነጻው ሜሞሪ፣ ቡትሎደሩ የሚለቀው፣ ከርነሉና ሞጁሎቹ፣ እንዲሁም ፍሬምበፈሩ (የስክሪኑ ምስል የሚጻፍበት ሜሞሪ) ብቻ ይገባሉ። ሄደር ፋይሉን አድሶ፣ አንዷን ቁጥር ከ2 ወደ 3 ቀይሮ፣ ሲሠራ የነበረው ከርነል በድንገት የሞተበት ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁጥሩን ወደ ኋላ መመለስ ፋታ ይሰጣል፤ የሚበጀው ግን ቀጣዩ ደረጃ ነው።

አርኤስዲፒው ከተገኘ በኋላ 15ኛውን ባይት አንብቡ፤ ቆጠራው ከዜሮ ነው። 0 ከሆነ መዋቅሩ 20 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትንኩ፣ አርኤስዲቲውን ተጠቀሙ። 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 36 ባይት ነው፤ ኤክስኤስዲቲው በ24ኛው ባይት ይጀምራል። ቼክሰሙ የባይቶቹ ድምር የመጨረሻ 8 ቢት ዜሮ መሆኑን ማየት ነው፤ ለድሮው በ20 ባይት፣ ለአዲሱ በ20ውም በ36ቱም።

ደረጃ 5፦ ማፕ የሚያደርገውን ፋንክሽን ጻፉ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

የሚያስፈልገው አንድ ፋንክሽን ነው፦ ፊዚካል አድራሻና ርዝመት ይቀበላል፣ የሚነበብ ቨርቹዋል አድራሻ ይመልሳል። ገጽ 4096 ባይት ስለሆነ አድራሻው ከገጹ መሐል ሊጀምር ይችላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

ፈቀቅታ = ፊዚካል አድራሻው ለ4096 ሲካፈል የሚተርፈው
የመጀመሪያ ገጽ = ፊዚካል አድራሻ − ፈቀቅታ
የገጾች ብዛት = (ፈቀቅታ + ርዝመት + 4095) ለ4096 ተካፍሎ፣ ትራፊው ተጥሎ
የሚመለሰው = የቨርቹዋሉ መስኮት መነሻ + ፈቀቅታ

ሦስተኛው መስመር ላይ ፈቀቅታውን መርሳት በጣም ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ያልፋል። አንድ ሰንጠረዥ ከገጹ 3980ኛ ባይት ቢጀምርና ርዝመቱ 144 ቢሆን መጨረሻው 4124 ነው፤ 28 ባይት ወደ ቀጣዩ ገጽ ያልፋል። ፈቀቅታውን ያልደመረ ስሌት «144 ባይት በአንድ ገጽ ይበቃል» ይላል። ፊርማው ይነበባል፣ ርዝመቱ ይነበባል፣ ቼክሰሙ መጨረሻው ሊደርስ 28 ባይት ሲቀረው ከርነሉ ይወድቃል። ሌላ ማሽን ላይ ያው ሰንጠረዥ ከገጹ መጀመሪያ ስለሚነሳ ምንም አይሆንም። «አንዳንዴ ይሠራል» የሚባለው ነገር ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህች መደመር ናት።

ርዝመቱን ደግሞ ሰንጠረዡን ሳታነቡ አታውቁትም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር የ36 ባይቱን ሄደር ብቻ ማፕ አድርጉ። ሄደሩም ቢሆን ሁለት ገጽ ሊረግጥ ይችላል፦ ከገጹ 4072ኛ ባይት የጀመረ ሄደር የመጨረሻ 12 ባይቶቹ ቀጣዩ ገጽ ላይ ናቸው፤ ያው ስሌት ይሸፍነዋል። ከሄደሩ 4ኛ ባይት ጀምሮ ያለውን ባለ 4 ባይት ርዝመት አንብቡ። ከ36 ካነሰ ወይም ቅጥ ያጣ ትልቅ ከሆነ (እኔ ወሰኔን 16 ሜጋባይት አደርገዋለሁ) ሰንጠረዡን ተዉት፣ መልእክት አትሙ። ልክ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ሙሉውን ርዝመት ማፕ አድርጉ። ከዚያ ቼክሰም፣ ከዚያ ወደ ከርነሉ ሂፕ ቅጂ። ቅጂው ከተያዘ በኋላ መስኮቱን መዝጋት ትችላላችሁ።

ሊኑክስም በመጀመሪያዎቹ የመነሳት ቅጽበቶቹ ይህንኑ ያደርጋል። በኤክስ86 ላይ ለዚህ ሥራ የተመደቡ 8 ጊዜያዊ መስኮቶች አሉት፤ እያንዳንዱ 64 ገጽ፣ ማለትም 256 ኪሎባይት ነው። ከፍቶ ያነባል፣ ይዘጋል፣ ቀጣዩን ይከፍታል።

የገጾቹ ባሕርይ፦ ያለ፣ ለንባብ ብቻ፣ የማይተገበር። ሰንጠረዦቹ ተራ ራም ላይ ስላሉ ካሹን አታጥፉ። «የማይተገበር» የሚለውን ቢት ከማንሳታችሁ በፊት ግን ኢኤፍኢአር በሚባለው ሬጂስተር ውስጥ ያ ችሎታ መብራቱን አረጋግጡ። ካልበራ ቢቱ ዜሮ መሆን ያለበት ተብሎ ይቆጠራል፤ ገጹም ማፕ ሆኖ ሳለ በስህተት ኮድ 9 ትወድቃላችሁ። ቅድም ያቆየነው መንስኤ ይህ ነው።

አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ማፕ ለማድረግ አዳዲስ የገጽ ሰንጠረዥ ገጾች ያስፈልጋሉ፤ እነሱን ከየት እናመጣለን፣ እነሱስ በምን አድራሻ ይጻፋሉ? ቡትሎደሩ ነጻውን ሜሞሪ በቀጥታ ማፕ ከሰጣችሁ ከዚያ ውሰዱ። ካልሰጣችሁ ከርነሉ ምስል ውስጥ ጥቂት የተሰለፉ ባዶ ገጾችን ከወዲሁ አስቀምጡ። ለሰንጠረዦቹ አንድ የተወሰነ የቨርቹዋል መስኮት ከመረጣችሁ ጥቂት ገጾች ይበቋችኋል። አዲስ ገጽ ስትይዙ በዜሮ ሙሉት፤ ያለዚያ የቆየ ቆሻሻ ማፕ መስሎ ይታያል።

መስኮቱን ዘግታችሁ ለሌላ ሰንጠረዥ ስትከፍቱት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ኢንቪኤልፒጂ የሚባለውን ትዕዛዝ ስጡ። ፕሮሰሰሩ የድሮውን ትርጉም ቲኤልቢ በሚባለው የአድራሻ ትርጉም ማቆያው ውስጥ ስለሚያቆይ፣ ካላጸዳችሁት የኤምኤዲቲን (የኢንተራፕት መቆጣጠሪያዎቹን ሰንጠረዥ) ፊርማ ጠብቃችሁ የሌላውን ሰንጠረዥ፣ የኤፍኤዲቲን፣ ታነባላችሁ። ኪውኢሙ ላይ ላይታይ፣ እውነተኛ ማሽን ላይ ሊታይ የሚችል ስህተት ነው።

ደረጃ 6፦ ሰንሰለቱን ተራመዱ

የኤክስኤስዲቲ መዝገቦች ብዛት ከርዝመቱ 36 ተቀንሶ ለ8 ተካፍሎ ነው፤ ለአርኤስዲቲ ለ4። መዝገቦቹ ከ36ኛው ባይት ይጀምራሉ፤ 36 ደግሞ ለ8 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ ባለ 8 ባይት ቁጥሮቹ ያልተሰለፉ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ግድ የለውም፤ ረስት ግን በዲበግ ግንባታ ላይ ፓኒክ ያደርጋል፣ በሲም ኮምፓይለሩ ያልጠበቃችሁትን ሊሠራ ይችላል። ባይቶቹን ወደ ተሰለፈ ተለዋዋጭ ቅዱና ተጠቀሙ።

ዜሮ የሆነ መዝገብ ካገኛችሁ ዝለሉት። ለቀሩት እያንዳንዳቸው የደረጃ 5ን ፋንክሽን ጥሩ። ዲኤስዲቲው (የማሽኑን መሣሪያዎች የሚገልጸው ሰንጠረዥ) በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አድራሻውን የሚይዘው ኤፍኤዲቲ ነው። ሰንጠረዡ በቂ ርዝመት ካለውና በ140ኛው ባይት ያለው ባለ 8 ባይት አድራሻ ዜሮ ካልሆነ እሱን፣ ያለዚያ በ40ኛው ባይት ያለውን ባለ 4 ባይት ውሰዱ። ዲኤስዲቲ በላፕቶፖች ላይ በመቶ ኪሎባይቶች ሊሆን ስለሚችል መስኮታችሁ ይብቃው።

ኤምኤዲቲው ውስጥ ያሉት መዝገቦች ርዝመታቸው የተለያየ ነው፤ የየመዝገቡ ሁለተኛ ባይት (ከዜሮ ሲቆጠር 1ኛው) ይናገራል። ያ ባይት ከ2 ካነሰ ወዲያው ውጡ፤ ዜሮ ከሆነ ሉፑ ለዘላለም አንድ ቦታ ይረግጣል።

ደግሞም የኤምኤዲቲው ሎካል ኤፒአይሲ (የፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት መቆጣጠሪያ) አድራሻ ሰንጠረዥ አይደለም፤ ሃርድዌር ነው። በተለመደው ማሽን ከ4 ጊጋባይት ጫፍ 18 ሜጋባይት ዝቅ ብሎ ይገኛል። እሱን ለሰንጠረዥ በጻፋችሁት ፋንክሽን ማፕ አታድርጉ፤ መጻፍ የሚቻልበትና ካሽ የማይደረግ ገጽ ያስፈልገዋል። የሰንጠረዡ ፎልት ተስተካክሎ ወዲያው ሌላ ፎልት ከመጣ ሲአር2ን ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 7፦ አሎኬተሩን አስታግሱ

ማፑ ልክ ሆኖ ይዘቱ የሚበላሽበት ሁኔታ አለ። ፊርማው መጀመሪያ ሲነበብ ልክ ነው፤ ቆይታችሁ ስትመለሱ ቆሻሻ ነው። ይህ የሚሆነው የገጽ አሎኬተሩ የኤሲፒአይን ክልል ቀድሞ ለሌላ ሥራ ሲሰጠው ነው። ሊለቀቅ የሚችለው ክልል የሚለቀቀው እናንተ አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፤ እኔ ከናካቴው እንድትተዉት እመክራለሁ፤ ለሚተርፈው ትንሽ ሜሞሪ አያስቆጭም። ኤንቪኤሱ መቼም አይነካም። ቡትሎደሩ የሚለቀው ክልልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ሲአር3 (የገጽ ሰንጠረዡን አድራሻ የሚይዘው ሬጂስተር) አሁንም በቡትሎደሩ የገጽ ሰንጠረዥ ላይ እያመለከተ ያንን ክልል ለአሎኬተሩ ከሰጣችሁት፣ የቆማችሁበትን ወለል እያፈረሳችሁ ነው። መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ የገጽ ሰንጠረዥ ተሻገሩ።

ደረጃ 8፦ ፈትኑ

ሦስቱን የኪውኢሙ መንገዶች አስኬዱ። ከርነሉ ላገኘው እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ፊርማ፣ ፊዚካል አድራሻ፣ ርዝመትና የቼክሰም ውጤት ያትም። በሲባዮስ አርኤስዲቲ፣ በኦቪኤምኤፍ ኤክስኤስዲቲ ስለምትጠቀሙ ሁለቱም የኮድ መንገዶች ይፈተናሉ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አንድ ነገር አበላሹ፦ ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር የአንዱን ሰንጠረዥ ርዝመት ወደ 0 ቀይሩና ከርነሉ ሰንጠረዡን ትቶ መቀጠሉን እዩ።

ላፕቶፑ ላይ ሲሪያል ፖርት ስለማይኖር ዝርዝሩን ፍሬምበፈሩ ላይ ጻፉና ከርነሉን እዚያው አቁሙት፤ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ያንኑ ላፕቶፕ በሊኑክስ ፍላሽ አስነሱና «ሱዶ ዲመሰግ» ብላችሁ በኤሲፒአይ የሚጀምሩትን መስመሮች አውጡ። ሊኑክስ የእያንዳንዱን ሰንጠረዥ ፊርማ፣ አድራሻና ርዝመት በተራ ይዘረዝራል። ከፎቶው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት። የፊርማዎቹና የርዝመቶቹ ዝርዝር መግጠም አለበት። አድራሻዎቹም ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ፤ ፈርምዌሩ በሌላ አነሳስ ሌላ ቦታ ካስቀመጣቸው ግን ልዩነቱ ስህተት አይደለም።

ከእናንተ ዝርዝር አንድ ሰንጠረዥ ከጎደለ መጀመሪያ የመዝገብ ብዛት ስሌቱን፣ ቀጥሎ አርኤስዲቲና ኤክስኤስዲቲ መምታታታቸውን ተመልከቱ። ሁሉም ኖሮ የአንዱ ቼክሰም ብቻ ካልገጠመ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና የዚያን ሰንጠረዥ ፈቀቅታና ርዝመት ደምሩ፤ ድምሩ ከ4096 ካለፈ የሁለተኛው ገጽ ማፕ ላይ ነው ችግሩ።